አትበላም፣ አትከሳም

ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ «ጦሳ ጥላ» የሚባል የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። በ2079 ዓ.ም. አርባ አንድ ተጧሪዎችና ዘጠኝ ሠራተኞች ነበሩት፤ ከዘጠኙ አንዷ የሂሳብ ሹሟ ትደነቅ አስናቀ ናት። የትደነቅ ሥራ የሚጀምረው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አልጋዎቹ የተኙባቸውን ሰዎች መዝነው ሲጨርሱ ነው። የአርባ አንዱ ሰው ክብደት በግራም ተጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ ይወጣል፤ እሷ አንድ በአንድ አይታ በአውራ ጣቷ ታጸድቅና ወደ ድጋፍ ተጠያቂነት ባለሥልጣን ይሄዳል። ቀጥሎ ቁርስ ነው። እያንዳንዱ ትሪ የባለቤቱን እጅ ያውቃል፤ ስንት ግራም እንደተቆረሰ፣ ስንት ጉርሻ እንደሆነ፣ ስንት እንደተመለሰ ይመዘግባል። የሌላ ሰው እጅ ከገባበት ይጮኻል። ከቁርስ በኋላ የሳሙናው፣ የውሃው፣ የአንሶላው ተራ ይደርሳል።

ሠራተኛውም ተጧሪውም ደረቱ ላይ ቁልፍ የምታክል ነገር ይሰካል። በሕጉ ላይ ስሟ ረጅም ነው፤ ሰው ግን «ምስክር» ይላታል። ምስክር ትሰማለች፣ ታያለች። ነርሷ የአንድ ሽማግሌ እጅ ከመያዟ በፊት «ማጽናናት፣ ሁለት ደቂቃ፣ ርዕስ አራት» ብላ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ያለዚያ ሁለቱ ደቂቃ የባከነ የመንግሥት ገንዘብ ይሆናል። ተጧሪዎቹም ለምደውታል። አንዳንዶቹ «አሜን» ይሏታል።

ዱሮ፣ ከመንግሥት ድጋፍ የሚቀበል ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ ሂሳቡን አስመርምሮ ካቀረበ ይበቃው ነበር ይባላል። ከዚያ አንዱ በአረጋውያን የዱቄት ገንዘብ ልጁን ዳረ። ሌላው በአካል ጉዳተኞች ወንበር ስም ፎቅ ሠራ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሪፖርቱ በሩብ ዓመት ሆነ፤ ከዚያ በወር፣ በሳምንት፣ በቀን፣ መጨረሻ ላይ በጉርሻ። ሕጉ በጠበቀ ቁጥር ሰው አጨብጭቧል። ትደነቅም ካጨበጨቡት አንዷ ናት፤ ምክንያት ነበራት። በሃያ አራት ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ሥራዋ ላይ፣ አለቃዋ የወላጅ አልባ ልጆችን ገንዘብ ሲበላ እሷ ሳታውቅ ፈርማለት ስምንት ወር ፍርድ ቤት ተመላልሳለች። በነጻ ብትለቀቅም እጮኛዋ እስከዚያ አልጠበቃትም። ያ ከሆነ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ሰው ማመን ትታ ቁጥር ታምናለች። ቁጥር አያለቅስም፣ አይምልም፣ ትላለች።

በኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጠረጴዛዋ ላይ በቢጫ የተጻፈ መልእክት አገኘች።

«ልዩነት ተገኝቷል። ተጠቃሚ 23፦ አትበላም፣ አትከሳም። ተጠቃሚ 17፦ ይበላል፣ ይከሳል። በሦስት ቀን ውስጥ ይብራራ።»

ተጠቃሚ 23 እማማ ዘሀራ ናቸው፤ የሰማንያ አንድ ዓመት ባልቴት። ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ትሪያቸው ሳይነካ ተመልሷል፤ ክብደታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ተጠቃሚ 17 አባባ ይመር ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ትሪያቸውን ጠርገው ይበላሉ፤ በአሥራ ዘጠኙ ቀን ግን አራት ኪሎ ጎድለዋል።

ልዩነት በቀኑ ካልተብራራ ድጋፉ ይቆማል። የተሰጠው ማብራሪያ ሐሰት ከሆነ የፈረመው ይታሰራል። ሐሰቱን ለጠቆመ ደግሞ ከሚመለሰው ገንዘብ ከመቶ አሥር እጁ ይሰጠዋል፤ ሰው ይህን ገንዘብ «አሥራት» ይለዋል። በአሥራት ገንዘብ ቤት የሠራ ሰው በከተማው ውስጥ እንዳለ ሁሉም ያወራል፤ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ስለዚህ ሁሉም ይጠረጠራል።

ትደነቅ መጀመሪያ የጠረጠረችው ወጥ ቤቷን ሉባባን ነው። ሉባባ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጦሳ ጥላን ምግብ ያበሰለች፣ ጮክ ብላ የምትናገር፣ ቁጡ ሴት ናት። ትደነቅ በቁጥሩ ላይ አስባ አስባ፣ ትሪዎቹ ተቀያይረው ይሆናል፣ ወይም ሉባባ ትሪን የማታለል ዘዴ አግኝታ የሁለቱን ምግብ ወደ ቤቷ እያሻገረች ይሆናል ብላ ደመደመች። ማክሰኞ ከሰዓትና ረቡዕ ሙሉ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ቆመች። ጭልፋ መዘነች፣ የድስት ጥራጊ መዘነች፣ የሉባባን የእጅ ቦርሳ አስከፈተች። በቦርሳው ውስጥ የተገኘው የዓይን መድኃኒትና አንድ ያደረ ዳቦ ነበር፤ ዳቦው ደግሞ ከሱቅ የተገዛበት ደረሰኝ አለው።

ሉባባ ቦርሳዋን ዘግታ፣ ምስክሯ በደንብ እንድትሰማ ደረቷን ቀና አድርጋ፣ «አሥራቱን ስትቀበይ ለኔም የስም ማጥፋት ካሳ ቆጥበሽ አስቀምጪ፣ እትዬ ትደነቅ» አለቻት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው ዘጋት። ሻይ ቤቱ ስትገባ ወሬ ይቆማል። ነርሷ ሰላምታ ስትሰጣት እንኳ «ሰላምታ፣ ሦስት ሰከንድ» ትላት ጀመር።

ሐሙስ ምሳ ላይ ትደነቅ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አቅፋ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠች። ሁለተኛው ጥርጣሬዋ እማማ ዘሀራ ላይ ነበር፤ አሮጊቷ ሽማግሌውን እያስፈራሩ ምግቡን ይነጥቁታል ብላ ገምታለች። ሁለቱ የሚቀመጡት ከምሰሶው ጀርባ፣ ጥግ ላይ ነው። አባባ ይመር ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው ነበር፤ ጋቢው ምስክራቸውን ሸፍኗታል፤ የእማማ ዘሀራም በነጠላቸው ሥር ናት፤ ለብርድ መልበስን የሚከለክል ሕግ ደግሞ ገና አልወጣም። እማማ ዘሀራ የራሳቸውን ትሪ ገፋ አድርገው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይጠብቃሉ።

ሽማግሌው ከራሳቸው ትሪ እንጀራ ቆረሱ። ክክ ወጡ ውስጥ የገባውን ቃሪያ አወጡና ፍሬውን በጥፍራቸው አራግፈው ጣሉ። ጉርሻውን ጠቀለሉ፣ እፍ እፍ ብለው አበረዱ፣ ከዚያ በጋቢው ከለላ አሻግረው አጎረሷቸው። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ትሪው እስኪጋመስ። እማማ ዘሀራ ዓይናቸውን ሳይገልጡ አፋቸውን ይከፍቱ ነበር፤ የሚመጣውን እጅ አላዩትም፣ ማየትም አላስፈለጋቸውም።

ትሪው አልጮኸም፤ የቆረሰው የባለቤቱ እጅ ነውና። ትደነቅ ቁጥሩ ገባት። ያልገባት ቃሪያው ነው። አሮጊቷ የቃሪያ ፍሬ እንደማይወዱ ለሽማግሌው የነገራቸው የለም፤ ሲነጋገሩም አላየችም።

ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ሁለቱን መዝገቦች አወጣች። አባባ ይመር ከኩታበር፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዘመድ የሌለው፤ በሐምሌ 2075 የገባ። እማማ ዘሀራ ከሐይቅ፣ ባሏ የሞተባት፣ ዘመድ የሌላት፤ በነሐሴ 2075 የገባች። ሁለቱም ቤታቸው በመሬት መንሸራተት ፈርሷል። የፈረሰበት ቀን በሁለቱም መዝገብ ላይ አንድ ነበር፦ ግንቦት ዘጠኝ። ኩታበርና ሐይቅ በተለያየ አቅጣጫ ናቸው። ትደነቅ ቀኑን ደጋግማ አነበበችና መዝገቡን ከደነች።

ምስክር የምትጠፋው ለጸሎት ብቻ ነው፤ ስምንት ደቂቃ። ሕጉ ሲጸድቅ የሃይማኖት አባቶች ታግለው ያተረፏት እሷን ነው። ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሲደርስ አባባ ይመር ከጓሮው ቧንቧ ዘንድ ሄደው ለሶላቱ ይታጠባሉ፤ ውዱእ ያደርጋሉ። ትደነቅ ተከትላቸው ሄደች። ቧንቧው አጠገብ ስትደርስ ደረቷን ነካ አድርጋ «ጸሎት» አለች። ቁልፏ ጠቆረች፤ የሽማግሌው ቀድማ ጠቁራ ነበር። በሥራ ሰዓት እንዲህ ስትል በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አባባ ይመር፣ እማማ ዘሀራ ምንዎ ናቸው?» አለቻቸው።

ሽማግሌው እግራቸውን እያጠቡ ነበር። አላቋረጡም። ሁለተኛውን እግራቸውን ጨርሰው ቧንቧውን ዘጉና «አርባ ስድስት ዓመት» አሉ። ቀጥለውም ጊዜው አጭር መሆኑን እንደሚያውቅ ሰው በፍጥነት ነገሯት።

ባልና ሚስት ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ቀበሩት። ግንቦት ዘጠኝ ቀን ተራራው ተንዶ ቤታቸውን ሲወስድ እነሱ ገበያ ነበሩ። መጦሪያ ሲጠይቁ ሕጉ ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል ጧሪ ነው፤ ሁለት ሆናችሁ ብቸኛ አትባሉም፣ አላቸው። ሁለት ወር በረንዳ ላይ አደሩ። ከዚያ በተለያየ ወረዳ፣ በተለያየ ቀን፣ ባሏ የሞተባትና ሚስቱ የሞተችበት ሆነው ተመዘገቡ። ሦስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር እንደማይተዋወቁ ሆነው ኖሩ። ሰላምታቸው እንኳ እንደሌላው ሰው በአንገት ነበር።

«አሁን ራሷን እየረሳች ነው» አሉ አባባ ይመር። «የሷን ትሪ 'የሰው ነው' ትላለች። ከኔ እጅ ካልሆነ አትቀምስም። ካላጎረስኳት ደግሞ ስሜን ትጠራለች፤ ጮክ ብላ፣ እንደ ቤቷ። ሳጎርሳት ዝም ትላለች።»

ደቂቃው እያለቀ ነበር።

«ልጄ፣ የሚታሰርም የሚባረርም ካለ እኔን አድርጊው» አሏት። «ብቻ እሷን ከዚህ አታስወጧት።»

ደረቷ ላይ ያለችው ቁልፍ ብልጭ አለች። ትደነቅ «ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ አባባ» ብላ ተመለሰች።

ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነበር። እውነቱን ብትጽፍ ሁለቱ በዚያው ቀን ይወጣሉ፤ የሦስት ዓመት ወጪያቸው ከነቅጣቱ ከማኅበሩ ይቆረጣል፤ ጦሳ ጥላ ያን ያህል ገንዘብ ስለሌለው ይዘጋል፤ የቀሩት ሠላሳ ዘጠኝ ተጧሪዎች የት እንደሚሄዱ በቅጹ ላይ የሚጠይቅ ቦታ የለም። እውነቱን የጻፈችው እሷ ስለሆነች ደግሞ አሥራቱ በስሟ ይገባል። ብትዋሽ፣ የምትፈርመው በዚያች በሃያ አራት ዓመቷ በፈረመችበት እጅ ነው። ያኔ ሳታውቅ ነበር። ዛሬ ግን አውቃ ነው።

ምክንያት ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ለእማማ ዘሀራ «የምግብ ፍላጎት መቀነስ» የሚለውን መረጠች። ለአባባ ይመር «ሕመም» አለች። አውራ ጣቷን አሳረፈች። በአራት ሰከንድ ውስጥ «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል መልስ መጣ።

ሁለት ሳምንት ሰላም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ባለሥልጣኑ በማብራሪያው መሠረት ማስተካከያ ላከ። ፍላጎቷ የቀነሰ ሰው ሙሉ ድርሻ ስለማያስፈልጋት የተጠቃሚ 23 ምግብ ወደ ሩብ ወረደ፤ ገንዘቡም እንደዚያው። ተጠቃሚ 17 ደግሞ ታማሚ ስለሆነ ሐኪም እንዲያየው ታዘዘ። ሐኪሙ መጣ፣ አየ፣ ደም ወሰደ። ያገኘውን በአንድ መስመር ጻፈ፦ «በሽታ የለበትም፤ ርቦታል።»

ትደነቅ ያን መስመር ስታነብ የምትገባበት ጠፋት። በቀን ሦስት ጊዜ ትሪውን ጠርጎ የሚበላ ሰው ሊርበው አይችልም፤ ይህን የሚያነብ ማንም ይጠይቃል። ሽማግሌው ግን በእርግጥ ርቧቸዋል። ጉንጫቸው ገብቷል፤ ሲነሱ ምሰሶውን ይይዛሉ።

በማግስቱ ሁለት እንቁላል ቀቅላ፣ በሻሿ ጠቅልላ ይዛ መጣች። በሕጉ ይህ «ያልተገለጸ ድጋፍ» ይባላል፤ ቅጣቱ ከስርቆት አይተናነስም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሌባ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ከራሷ ቤት ምግብ ሰርቃ ወደ መሥሪያ ቤት ታስገባ ጀመር። በየቀኑ አስር ሶላት ሲደርስ «ጸሎት» ብላ ወደ ጓሮ ትወጣለች። አባባ ይመር ቆመው ይበላሉ፤ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ትቆማለች፤ ስምንት ደቂቃ ታልቃለች። ሠራተኛው ትደነቅ በስተርጅና ጸሎተኛ ሆነች ብሎ ሳቀባት። ሉባባ ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን ከጓሮው ሲመለሱ ሉባባ በር ላይ ቆማ አገኘቻት። ዓይኗ ከቧንቧው ሥር ያለ የእንቁላል ልጣጭ ላይ ነበር። ትደነቅ አለቀልኝ አለች በልቧ። ሉባባ ሄደች፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ልጣጩን ለቀመች፣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና «ቅጠል መልቀም፣ አንድ ደቂቃ፣ ርዕስ ሰባት» ብላ ለምስክሯ ተናግራ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትደነቅ ሰላምታዋን ታገኝ ነበር። ግን ሉባባ ዝም ያለችው ለርኅራኄ ይሁን ለአሥራት ቀን ልትጠብቅ ይሁን እርግጠኛ አልነበረችም። እየዋለ ሲያድር ይህን አለማወቋ እንቅልፍ ያሳጣት ጀመር።

የከዳት ግን ሉባባ አይደለችም፤ አልጋው ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ጠረጴዛዋ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ «ተጠቃሚ 17፦ ምንጩ ያልታወቀ 640 ግራም። መርማሪ ይላካል።»

የመጦሪያው ሥራ አስኪያጅ አቶ መኳንንት መልእክቱን ሲያይ ትደነቅን አስጠራት። ሲያናግራት ወንበሩን ከጠረጴዛው አርቆ ነበር የተቀመጠው። እሱ ማብራሪያውን አላነበበም፣ አልፈረመም፣ የሂሳብ ጉዳይ የሂሳብ ሹም ነው፤ ይህን ሁሉ ለሷ ሳይሆን ለደረቱ ነበር የሚናገረው። ስትወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማን እንደጠቆማቸው ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ቀና ብላ አየችው። እሱ ይሆን እንዴ ብላ እያሰበች ነበር፤ እሱም ስለሷ ይህንኑ እንደሚያስብ ከፊቱ አነበበች።

መርማሪው ልዑልሰገድ ይባላል፤ ስድሳ የተጠጋ፣ ሸንቀጥ ያለ፣ ኮቱን ከምስክሩ በላይ የሚቆልፍ ሰው። ማንንም አልተቆጣም። የምሳውን ሂሳብ ከኪሱ ከፍሎ አዳራሹ ውስጥ ከተጧሪዎቹ ጋር በላ። ከምሰሶው አጠገብ ነበር የተቀመጠው። አባባ ይመር ያን ቀን መጀመሪያ ላይ ሊያጎርሱ አልደፈሩም። እማማ ዘሀራ ትሪያቸውን ገፍተው ጠበቁ፣ ጠበቁ። በኋላ ከንፈራቸው ስም ሊጠራ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሽማግሌው የመጣው ይምጣ ብለው አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉ። ልዑልሰገድ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ መዝገቦቹን አስመጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ጣቱ ግንቦት ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሄደ፣ ተመለሰ። መርማሪው ሁለቱም መዝገብ ላይ ምንም ምልክት ሳያደርግ ዘጋቸውና፣ ዝምድና ስለተጠረጠረ ቃል ማረጋገጥ እንደሚኖር ለትደነቅና ለአቶ መኳንንት ነገራቸው። ሕጉ ሁለቱን እርስ በርስ ማስመስከር ስለሚከለክል ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የሚጠየቀው፤ ምርጫው የመርማሪው ነው። የሚጠየቀው ሰው የእጅ አንጓ ላይ አምባር ይታሰራል። ያመነበትን ሲናገር አረንጓዴ ይበራል፤ ሲዋሽ ይቀላል።

አባባ ይመር ከተጠየቁ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሽማግሌው አምባሩን አስረው መዋሸት እንደማይችሉ ትደነቅ ታውቃለች። እሳቸውም ያወቁ ይመስላሉ፤ ገና ሳይጠሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንጓቸውን አዘጋጅተው ነበር።

«እማማ ዘሀራን እጠይቃለሁ» አለ ልዑልሰገድ።

አምባሩን አሰረላቸው። መጀመሪያ ቀኑን፣ ወሩን፣ ያሉበትን ከተማ ጠየቃቸው። አሮጊቷ ፈገግ እያሉ የመሰላቸውን መለሱ፤ አንዱም ልክ አልነበረም፤ አምባሩ ግን ለሁሉም አረንጓዴ በራ። ከዚያ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡትን ሽማግሌ አሳያቸው።

«እማማ፣ እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?»

እማማ ዘሀራ አባባ ይመርን ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ፀጉራቸውን፣ ግንባራቸውን፣ እጃቸውን አዩ።

«አላውቀውም» አሉ። «ደግ ሰው ነው። ያበላኛል።»

አረንጓዴ።

«ባለቤትዎ ናቸው?»

አሮጊቷ ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ ነበር። «ምነው ልጄ፣ ይኼ እኮ ሽማግሌ ነው። የኔ ባል ይመር ነው የሚባል። ገበያ ሄዷል፤ አሁን ይመጣል።»

አረንጓዴ። አቶ መኳንንት ጠረጴዛው ላይ በመዝገቡ ሽፋን ወደሚታየው ስም አየ፤ ትደነቅም አየች። ተጠቃሚ 17፦ ይመር ሙሄ። ልዑልሰገድ አምባሩን ቀስ ብሎ ፈታ።

«ወሎ ውስጥ ይመር የማይባል ማን አለ» አለና መዝገቡ ላይ ጻፈ፦ ዝምድና አልተገኘም። ስድስት መቶ አርባውን ግራም «ውሃ» አለው፤ ሽማግሌ ሰው ውሃ ይቋጥራል።

ትደነቅ እስከ በር ሸኘችው። አፏ ላይ የመጣውን ብትውጠውም አልዋጥ አላት፤ ከሁለቱ ለምን እማማ ዘሀራን እንደመረጠ ጠየቀችው።

መርማሪው ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ። «ለምን እንደመረጥኩ የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ የለም፣ ወይዘሮ ትደነቅ» አላት። «እንዳይጨምሩበት አንጠይቅ።» ከዚያ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ሰውየው አዝኖላቸው ነው ወይስ ሌላ ወጥመድ እያዘጋጀ ነው? እስከ ጥር ድረስ ጠዋት ጠዋት ቀይ ጽሑፍ ስትጠብቅ ከረመች። የመጣው ግን ነጭ ነበር። ሁለቱ ባዕድ መሆናቸው ስለተረጋገጠ ጉርሻው «የተጠቃሚ ለተጠቃሚ እርዳታ» ተብሎ ተፈቀደ። የእማማ ዘሀራ ድርሻ ወደ ሙሉው ተመለሰ፤ ትሪያቸውም የአባባ ይመርን እጅ እንዲቀበል ታዘዘ። እርዳታው ግን ከቀኑ ሪፖርት ጋር ይያያዛል፤ አጉራሽ፣ ጎራሽ፣ ግራም፣ ዝምድና።

ትደነቅ ወሬውን ይዛ ወደ አባባ ይመር ሮጠች። ከእንግዲህ ሳይደበቁ ማጉረስ እንደሚችሉ፣ እሳቸውም ከራሳቸው ትሪ ጠግበው እንደሚበሉ ነገረቻቸው። ሽማግሌው አመሰገኑ፣ መረቁ። የአስር ሶላት ሰዓት ደርሶ ቁልፎቹ እስኪጠቁሩ ሌላ አልተናገሩም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስሜን እንዳትጠራ ስፈራ ኖርኩ» አሏት ያኔ። «አሁን የሚያስፈራኝ የለም።» ቧንቧውን ከፈቱና ውሃው ሲወርድ አዩት። «ፍርሃቱ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አባባ ይመር ጥግ መቀመጥ ትተው ከእማማ ዘሀራ ጋር በአዳራሹ መሐል ይበላሉ። ጋቢያቸውን አይሰበስቡም። ክብደታቸው በየጠዋቱ እየጨመረ መጣ። እማማ ዘሀራ በየምሳው ማን እንደሆኑ ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም ምስክራቸው እየሰማች ስለሆነ «ጎረቤት ነኝ፣ እማማ» ይላሉ። ትደነቅ ከጎናቸው ተቀምጣ ትመዘግባለች፤ እንዲህ ያለው እርዳታ በዓይን መታየት አለበት ይላል መመሪያው።

በየካቲት መጨረሻ አንድ ምሳ ላይ እማማ ዘሀራ የተዘረጋላቸውን ጉርሻ ሳይቀበሉ እጃቸውን አንስተው አስቆሙ።

«አንተ ሰው፣ ሁልጊዜ ለኔ ትጠቀልላለህ» አሉ። «የራስህ ሚስት የለችህም?»

አባባ ይመር ወደ ትደነቅ አዩ። ትደነቅ ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

«ነበረችኝ» አሉ።

«ደግ ነበረች?»

«በጣም።»

«እንግዲያስ ለሷም አስቀምጥላት» አሉ እማማ ዘሀራ፣ አፋቸውንም ከፈቱ።

ሽማግሌው አጎረሷቸው። ጥቂት ጠብ አለ። ትሪው ሠላሳ ስምንት ግራም አለ። ትደነቅ ግራሙን አጸደቀች፤ ቀጥሎ «ዝምድና» ከሚለው ቦታ ላይ እንደ ወትሮዋ «የለም» የሚለውን ነካች፤ ዓይኗ እስኪጠራ ጠበቀችና አውራ ጣቷን አሳረፈች።